የአያታችሁን ራዲዮ ሆድ ዕቃ አታውጡ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍቅረኛ አይደለም፤ ስለ አንድ የእንጨት ሳጥን ነው። ግን ገጹን ቶሎ አትግለጡት። ሳጥኑ ውስጥ ቤተሰብ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ስምንት ወር የቆየ የወንድምና የእህት ኩርፊያም አለበት።

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ካፌ ሲከፈት አሮጌ ዕቃ መደርደር ፋሽን ከሆነ ቆየ። ሲንገር የስፌት መኪና፣ የሚሽከረከር ስልክ፣ የድሮ ካሜራ… መሃል ላይ ደሞ ያ ትልቁ፣ ፊቱ ጨርቅ የለበሰው፣ መስታወቱ ላይ የከተማ ስም የተደረደረበት ራዲዮ። ማኪያቶ እየጠጣችሁ ከሱ ውስጥ ዘፈን ሲወጣ "ወይኔ ደስ ሲል! ይሄ ነገር እስካሁን ይሠራል እንዴ?" ትላላችሁ። አይሠራም! ጠጋ ብላችሁ በኋላ በኩል እዩት። ሆድ ዕቃው ወጥቶ ምናለሽ ተራ ተሽጧል፤ በቦታው የሲጋራ ፓኮ የምታክል የብሉቱዝ አምፕሊፋየር ተለጥፋበታለች። ሬሳ ሱፍ ለብሶ ቆመ እንደማለት ነው።

ለካፌ ከሆነ እኔ ምን አገባኝ፤ ጌጥ ነው፣ ጌጥ ይሁን። የሚከነክነኝ ይሄንኑ ሙድ ይዘን ወደ ክፍለ ሀገር፣ ወደ አያት ቤት ስንሄድ ነው። "አባባ፣ ይሄን ራዲዮ ዲጂታል ላድርግልዎ?" ይባላል። ፍቅር ነው እኮ፣ ክፋት የለበትም። እኛም ቤት ነገሩ የተጀመረው በፍቅር ነበር።

እኛ ቤት ያልኩት ግራና ነው። ለማታውቋት፣ ሰሜን ወሎ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ናት። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ናት፤ ያቺ ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ፍራፍሬ ልትገዙ የምትወርዱባት። በመስኖ ዜና ላይ "የቆቦ ግራና ሸለቆ" ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ግራናዋ እሷ ናት።

አያቴ በወጣትነታቸው ደሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ፊሊፕስ ራዲዮ ገዙ። ከትራንዚስተር በፊት የነበረው ዓይነት ነው፤ ውስጡ አምፖል የመሰሉ የብርጭቆ ቱቦዎች፣ ቫልቭ የሚባሉት፣ የተደረደሩበት። ሲከፈት ወዲያው አይናገርም። ቫልቮቹ እስኪግሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል፤ ከዚያ ከሩቅ ሰው እንደሚመጣ ድምፁ ቀስ እያለ ይደርሳል። ሱቃቸው በር ላይ ሰፈሩ እየተሰበሰበ በዚህ ራዲዮ ያልሰማው ነገር የለም። የካቲት 1955 የተከፈተውን ብስራተ ወንጌልን፣ መጋቢት 1957 አማርኛ የጀመረውን የጀርመን ድምፅን፣ የኢትዮጵያ ራዲዮን ሁሉ። መጋቢት 3 ቀን 1969 መንግሥት ብስራተ ወንጌልን ሲወርሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሲያደርገውም የሰሙት በዚሁ ነው። "ሰው ሲወረስ ዐይቼ ነበር፣ ቤት ሲወረስም፤ ድምፅ ሲወረስ ግን ያኔ ገና ሰማሁ" ይላሉ እስከ ዛሬ።

እጃቸው መርፌ መያዝ ሲያቅተው ሲንገሩን ሸጠው፣ ራዲዮውን በጋቢ ጠቅልለው ግራና ገቡ። ልብ በሉ፣ የሸጡት እንጀራቸውን ነው፤ ያልሸጡት ወሬያቸውን።

እንግዲህ በ2015 ፋሲካ ሰሞን ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዐይኑ ራዲዮው ላይ አረፈ። ወንድሜ ኮምፒዩተር ነክ ሥራ ነው የሚሠራው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ አልዋሽም። ሐሳቡ ቀላል ነበር። የድሮውን ዕቃ በሙሉ አውጥቶ፣ አምፕሊፋየር አስገብቶ፣ ከስልክ በብሉቱዝ ማገናኘት። "አዲስ አበባ ያለውን ኤፍ ኤም ሁሉ በኢንተርኔት ይሰማሉ፤ ደሞ መብራት አይፈጅ፣ አይግል፣ አይንኮሻኮሽ" አለ። ደሴ ውስጥ ለሻሲው ገዢ ሳይቀር አግኝቶለታል!

እኔ "አይሆንም" አልኩ። ለምን ቢሉኝ፣ አያቴ ስልክ አይነኩም። አይወዱም ማለቴ አይደለም፤ ስልኩ ነው እሳቸውን የማያውቃቸው። ጣታቸው በመቀስና በመርፌ ስለደነደነ ስክሪኑ አይሰማቸውም። ሲጫኑት ዝም ይላል፣ ሲተዉት ማንም ዘንድ ይደውላል። የራዲዮውን ቁልፍ ግን ተኝተውም ያገኙታል። ማታ መብራት ሳያበሩ፣ መነጽር ሳያደርጉ፣ ማንንም "ልጄ እስቲ ክፈትልኝ" ሳይሉ አንዴ ቀጭ፣ ሁለቴ ቀጭ፣ አለቀ። ያንን ቁልፍ ከእጃቸው ነጥቀን ምርጥ ድምፅ ብንሰጣቸው ምን ሰጠናቸው? ከዚያ በኋላ ዜና ለመስማት የልጅ ልጅ ፊት ማየት ሊኖርባቸው ነው።

ወንድሜ "አንቺ ፋራ ነሽ፣ ሙዚየም ክፈቺ" አለኝ። እኔም የማይጻፍ ነገር መለስኩለት። ኩርፊያው እንዲህ ተጀመረ።

አሁን አንዱ አራዳ "ታዲያ ራዲዮው ራሱ ዲጂታሉን ለምን አይዝም? ሞገድ ሞገድ ነው" ይለኝ ይሆናል። አይደለም ወንድሜ! የድሮ ራዲዮ የሚያውቀው የሞገዱን መዋዠቅ ነው። ጋዜጠኛው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሞገዱም ከፍ ይላል፣ ዝቅ ሲያደርግ ዝቅ ይላል፤ ቫልቮቹ ያንን ልክ በልክ ተከትለው ስፒከሩን ይገፉታል። ዲጂታል ግን ድምፁን ቁጥር አድርጎ ነው የሚልከው። አሮጌው ራዲዮ ቁጥሩን ቢያገኘው እንኳ የሚያወጣው ሽሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ በመሃል ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልስ አስተርጓሚ የግድ ይላል። ፈረንጅ አገር ለዲጂታል ራዲዮ የራሱ ማሰራጫ አለው፤ ኖርዌይማ በ2017 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም ጭራሽ አውርዳ ወደዚያ አዛውራለች። እኛ ጋ ዲጂታል ራዲዮ ሲባል ባብዛኛው ወይ በዲሽ ወይ በስልክ የሚመጣው ነው። አስተርጓሚያችንም ወይ የዲሽ ሪሲቨር ወይ ስልክ ነው ማለት ነው።

ደሞ እኛ ለዲጂታል እንግዳ አይደለንም እኮ። ወርልድስፔስን የሚያስታውስ አለ? ኢትዮጵያ የተወለደው ኖኅ ሳማራ ያቋቋመው ድርጅት ነበር። አፍሪስታር የምትባል ሳተላይት ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ወደ ሰማይ ተላከች፤ ለአፍሪካ ተብላ! በ1992 ሥርጭት ተጀመረ። ሪሲቨሩን እነ ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ሠሩት። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ሽሽታ የሌለው፣ ከሰማይ ቀጥታ የሚወርድ። ከዚያስ? ጥቅምት 2001 ላይ ድርጅቱ "ከስሬአለሁ" ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። ያን ሁሉ ብር የወጣበት ሪሲቨር የሳተላይት ጆሮው ለሌላ ለምንም የማይሆን ዕቃ ሆኖ ቀረ፤ የሚሰማው ያንን ድርጅት ብቻ ነበራ! የአያቴ ፊሊፕስ ግን ጃንሆይ ወርደው፣ ደርግ መጥቶ ሄዶ፣ ብስራተ ወንጌል ስሙ ተቀይሮ፣ አሁንም አየሩ ላይ ያለውን ይይዛል። ማንም ባለቤት አይዘጋበትም። ወንድሜን ላሳምነው የሞከርኩት ይሄን ነበር፤ "ታሪክ አታስተምሪኝ" አለኝ።

ሰኔ 2015 ላይ ራዲዮውን ያንኑ ጋቢ አልብሼ ሚኒባስ ላይ ጫንኩትና ደሴ አንድ አዛውንት ራዲዮ ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ረዳቱ የሰው ሒሳብ አስከፈለኝ። "ከአንቺ ይልቅ እሱ ይከብዳል" አለ፤ እውነቱን ነው።

ሠሪው ራዲዮውን እንዳዩ ያሉት፣ "ማንም ሶኬት ላይ አልሰካውም አይደል?" ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ ልብ ብላችሁ አንብቡ። የቫልቭ ራዲዮ ሆድ ውስጥ ከ200 ቮልት በላይ አለ። ነቅላችሁትም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ፤ አድፍጦ ይጠብቃችኋል። ዓመታት ተቀምጦ የነበረ ራዲዮ ደሞ ድንገት ግድግዳ ላይ ከተሰካ የደረቁት ካፓሲተሮች ሊፈነዱ፣ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። የደሴው ሰው የስልሳ ሻማ አምፖል በመሃል አስገብተው ነው የከፈቱት። የድሮውን፣ ክሩ የሚግለውን ዓይነት ነው፤ ኤል ኢ ዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፣ ቶሎ ይነቀላል። ቦግ ብሎ ደብዘዝ ካለ ተስፋ አለው። የኛው ደብዘዝ አለ! ከዚያ በሰም የተነከሩትን የወረቀት ካፓሲተሮች በአዲስ ቀየሩ። በተለይ አንዷ፣ ከመጨረሻዋ የድምፅ ቫልቭ በፊት የምትገኘው፣ ከፈሰሰች ቫልቩን ጠብሳ እንደምትገድለው ነገሩኝ። ከኋላ በኩል ያለችው የቮልት መምረጫም 220 ላይ መሆኗን አዩ፤ እነዚህ ራዲዮዎች 110 እና 127 ላይም ይሠሩ ነበርና ማን ምን ላይ አድርጓት እንደተወ አይታወቅም።

ሌላ አንድ ነገር አስተማሩኝ። ለናንተም ይጠቅማል። ቫልቮቹ ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያ የላቲን ፊደል እዩ። "ኢ" ከሆነ፣ ማለትም ኢሲኤች 81፣ ኢኤል 84 ምናምን ካለ፣ ባብዛኛው በትራንስፎርመር የሚሠራ ነው። "ዩ" ከሆነ፣ ዩሲኤች፣ ዩኤል ካለ፣ ቫልቮቹ ተከታትለው የታሰሩ ናቸውና የሶኬቱ አንድ ሽቦ በቀጥታ ከብረቱ ሻሲ ጋር ሊገናኝ ይችላል። በዚህ ላይ የስልክ ገመድ ሰካችሁ ማለት የግድግዳውን 220 ወደ ኪሳችሁ ጋበዛችሁት ማለት ነው። "ዲ" ከሆነ ደሞ የባትሪ ነው፤ መብራት ላይ አይሰካም። "ኢ" ሆኖም ቢሆን ትራንስፎርመሩ ከመብራቱ ሙሉ በሙሉ የማይለይበት ጊዜ አለና ባለሙያ ሳይለካው ምንም አትሰኩ። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ የፒያሳ ሠሪዎች በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ተበታትነዋል። ግን ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ፈልጓቸው፤ ዩቲዩብ ለዚህ አይበቃም።

ማገናኘቱ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቀላል ሆኖ አረፈው። ከኋላ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ ጎኑ የሸክላ ምስል ተስሎበታል። ድሮ ሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት ነው። የፊቱ ቁልፍ ወደ ሸክላ ሲዞር ራዲዮው አየሩን ትቶ ከዚህ ቀዳዳ የሚመጣውን ያሰማል። አያችሁ? ሠሪዎቹ የኋላ በር ከጥንቱ ትተውልናል! የስልክ ድምፅ ግራና ቀኝ ሁለት ነው (ግራና ስል አገሬን አይደለም)፤ ራዲዮው ደሞ አንድ ስፒከር ነው ያለው። ሁለቱን ሽቦ እንዲሁ አይጠመዝዟቸውም፤ በየአንዳንዱ ላይ 1 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስተር ይገባና ነው አንድ የሚሆኑት። ከዚያ በመሃል ትንሽዬ የድምፅ ትራንስፎርመር። እሷ ድምፁን ታሳልፋለች፣ መብራቱን አታሳልፍም፤ እንደ ጥሩ ዘበኛ ናት። የሙምሙምታ ድምፅም ታጠፋለች። ይኸው ነው። አንድም ዕቃ አልወጣ፣ አንድም ቀዳዳ አልተበሳ። ነገ ማንም ቢነቅለው ራዲዮው እንደነበረ ነው።

ሠሪው በገመዱ ጫፍ የብሉቱዝ መቀበያ ጨመሩልኝ፣ በስልክ ቻርጀር የምትሠራ። ግራና ስንመልሰው የሆነውን አልረሳም። ራዲዮው ተከፍቶ፣ ቫልቮቹ ግለው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ ሲጠብቅ ከዚያ ጥንታዊ ሳጥን ውስጥ አንዲት ሴት "ብሉቱዝ ኢዝ ኮኔክትድ!" አለች። አያቴ ወደ እኔ ዞረው፣ "ይቺ ሴትዮ ደሞ የማን ናት?" አሉ። ከዚያ ግን የሸገር ዝግጅት ሲገባ ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። "ይሄ ሰው እዚህ ቤት ነው ያለው" አሉ በመጨረሻ። ከስልኩ ሲሰሙት "ጣሳ ውስጥ የገባ ሰው" ይሉት የነበረውን ድምፅ ነው እኮ! ጆሮ ሲያረጅ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የስልክ ስፒከር ደሞ ከቀጭኑ በቀር ብዙም የለውም። ያ ሰፊ ስፒከርና ያ እንጨት ወፍራሙን ይሰጣቸዋል።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ አሮጌ የአውሮፓ ራዲዮ ያላችሁ ምናልባት ያለ ምንም ገመድ ኤፍ ኤም ትሰሙ ይሆናል። ብዙዎቹ ዩ ካ ቬ የሚል ክፍል አላቸው፤ ኤፍ ኤም ማለት ነው። ችግሩ የጥንቶቹ 100 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያልቃሉ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እና ፋና 98.1 መስታወቱ ላይ ቦታ አላቸው፤ ሸገር 102.1 ግን መርፌዋ እንጨቱ ጋ ደርሳ ከምትቆምበት ወዲያ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በኢንተርኔት ራዲዮ መስማት ነጻ ይመስላል። አይደለም። በ64 ኪሎ ቢት የሚለቀቅ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል። አያቴ በቀን አራት ሰዓት ቢሰሙ በወር ሦስት ጊጋ ተኩል ያህል ነው። ጥራቱ እጥፍ ከሆነ ሰባት። አየሩ ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም ያልጠየቃቸው ሰውዬ በጉንጭ እየተለካ ሊሸጥላቸው ነው። ደሞ ፓኬጁ ሲያልቅ "አለቀ" አይልም፤ ሳጥኑ ዝም ነው የሚለው። እሳቸው ራዲዮው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ከዚያ የሐምሌ 2015 መጨረሻ መጣ። የሆነውን ታውቁታላችሁ። በአማራ ክልል ግጭቱ ተነሳ፣ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱም ተቋረጠ፤ ለረጅም ወራት። እኔና ወንድሜ አዲስ አበባ ሆነን ስልክ እየሞከርን ጥፍራችንን እንበላለን። ከቀናት በኋላ መስመር ሲገኝ አያቴን "አባባ፣ እንዴት ነዎት? ምን ትሰማላችሁ?" አልኳቸው። "አብሽሪ!" አሉኝ፤ "ያቺ የብሉቱዝ ሴትዮ ጠፍታለች። እኔ ወደ ድሮው መልሼዋለሁ።" ቁልፏን ከሸክላ ወደ አጭር ሞገድ አዙረው ነዋ! ማታ አንድ ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅ፣ ሦስት ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅ። ማንንም አልጠየቁም፣ ማንንም አልጠበቁም። እንዲያውም በዚያ ሰሞን የሆነውን ከኛ በፊት የሰሙት እሳቸው ነበሩ። ጎረቤቱም እንደ ደሴው ዘመን በር ላይ መቀመጥ ጀምሯል አሉ። ሻሲው ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ጨርቅ የለበሰ ባዶ ሳጥን ነበር።

ለቫልቭ ራዲዮ ጥብቅና ቆሜ የማይችለውን ይችላል አልላችሁም ደሞ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታህሳስ 2014 ጦርነቱ ወልዲያንና አካባቢዋን በያዘበት ጊዜ ስልኩ ብቻ ሳይሆን መብራቱም አልነበረም። ያኔ ትልቁ ፊሊፕስ የአበባ ማስቀመጫ ነበር። ያወጣቸው በድንጋይ የምትሠራው የእጅ ራዲዮ ናት፤ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ በቀን ለአንድ ዜና ብቻ እየከፈቱ። ቤታችሁ ውስጥ ያቺን ትንሿንም አትጣሉ። አየሩ ራሱም ቢሆን የማይዘጋ አይደለም። መጋቢት 2017 ላይ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች አሜሪካ ውስጥ በተላለፈ ትእዛዝ ከሥራ እንዲርቁ ሲደረግ የአያቴ የማታ ሦስት ሰዓት ባዶ ቀረ። መርፌዋን ለቀናት እዚያው ላይ አቁመው ጠበቁ። "ታመው ይሆን?" ሲሉ ነበር።

ለዚህ ነው ሁለቱም ይኑር የምለው። እዚህ ላይ ለወንድሜ ክብሩን ልስጠው። ያ ሰሞን ካለፈ በኋላ "ልክ ነበርሽ" አላለኝም፤ ይሄ ሰው እንዲያ አይልም። ታህሳስ 2016 ላይ ግን አንዲት የሳሙና መያዣ የምታክል ነገር ሠርቶ በሰው ወደ ግራና ላከ። ከሰው በሰማሁ ጊዜ ስልኩን አነሳሁለት፤ ኩርፊያው ያኔ ነው የተፈታው። ነገርዬዋ በጣም ደካማ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ናት፤ ከአንድ ክፍል የማትወጣ። (እንዳትወጣም ተጠንቀቁ፤ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል።) የዲሹ ሪሲቨር ኋላ ካሉት ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ድምፁን ትቀበላለች፤ ከራዲዮው አንቴና አጠገብ ተቀምጣ 1000 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ባዶ ቦታ ላይ ታሰማለች። ዲሹ ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን የራዲዮ ጣቢያዎች አሉ፤ ኢንተርኔት አይፈልጉ፣ ወርሃዊ አይከፈልባቸው። ሪሲቨሩ ሲከፈት መጨረሻ የተተወበት ጣቢያ ላይ ስለሚነሳ ቴሌቪዥኑን ማብራት እንኳ አያስፈልግም።

በዚህ መንገድ ዲጂታሉ ለአያቴ መስታወቱ ላይ እንደ አንድ ተራ ጣቢያ ሆነላቸው። ሸክላ አይል፣ ብሉቱዝ አይል። መስታወቱ ላይ እነ ሮማና ፓሪስ ተጽፈዋል፣ አዲስ አበባ የለችም፤ ስለዚህ ቦታዋን በሁለት ከተሞች መሃል ፈልገው አገኟትና "የልጆቹ ጣቢያ" አሏት። ከሷ ሲሰለቹ ቀጭ አድርገው ወደ አጭር ሞገድ ይሄዳሉ። ከናንተ መሃል እጁ የሚፈታ ካለ ከሸክላው ቀዳዳ ይልቅ ይሄኛውን እመክራለሁ። አንደኛ ከራዲዮው ጋር ምንም ሽቦ አይነካካም፤ ያ የሻሲ መብራት ጣጣ የለም። ሁለተኛ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ይቆያል። ድምፁ ከሸክላው ቀዳዳ ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ለዘፈን ለሚጨነቅ ሰው ያ ጉድለት ነው። ለዜና ምንም አይልም።

አሁን የቀረን አንድ ችግር ነው። ኢሲኤች 81 የምትባለዋ ቫልቭ እየደከመች ነው፤ አጭር ሞገዱ ላይ ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። የድምፅዋ ኢኤል 84 ብትሆን ግድ የለም ነበር። ጊታር ተጫዋቾች ለአምፕሊፋየራቸው ስለሚፈልጓት ሩሲያና ስሎቫኪያ ውስጥ እስካሁን ትሠራለች። ኢሲኤች 81ን ግን የሚያመርታት የለም፤ ከድሮው ክምችት መፈለግ ነው። ደሴ ያሉት ሽማግሌ "አዲስ አበባ ሆድ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም" ብለው ላኩብን። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ይወርዳል፤ ያ ሻሲ በኪሎ ሊሸጥ የነበረው ሰውዬ! የላቲኑን ፊደል እያነበበ፣ በስልኩ መብራት እያየ፣ ከሻጮቹ ጋር እየተጨቃጨቀ። እስካሁን ሁለት "ዩ" እና አንድ የተሰነጠቀ "ኢ" አግኝቷል።